ሐኪሙ የማይሰማው ግማሽ ታሪክ፦ ባይፖላር ሕመምና ዓይነቶቹ

"ባይፖላር ናት እኮ!"

ጠዋት ስቃ ከሰዓት ያኮረፈች ልጅ ላይ ዛሬ ዛሬ የሚለጠፈው ስም ይሄ ነው። ቲክቶክ ላይ ቀልድ ሆኗል። ደብረ ብርሃን ካፌ ቁጭ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስለ ፍቅረኛ ሲያማርሩ ይሉታል፣ አለቃ ያስቸገረው ሠራተኛም ይለዋል። እዚያው ከተማ ውስጥ ግን ጨርቁን ጥሎ አስፋልት ላይ የሚጮህ ወጣት ሲታይ "አበደ፣ ምስኪን" ተብሎ ይታለፋል። ባይፖላር ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቃሉ ለማይመለከተው በነጻ ይታደላል፣ ለሚመለከተው ግን አይደርሰውም።

ነገሩ የወሬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። ችግሩ ሐኪም ፊት ሲደረስ ነው። ባይፖላርን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፣ ራጅም አያሳየውም። ሐኪሙ የሚተማመነው በሚነገረው ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሹ ይቀራል፦ የከፋው ጊዜ ይነገራል፣ የደመቀው ጊዜ ይዘለላል። ሰው "ያኔማ ደህና ነበርኩ፣ እንዲያውም ጎብዤ ነበር" ብሎ የሚያልፈው ወቅት ነው የበሽታውን ዓይነት የሚለየው።

ስሜት ከተለዋወጠ ባይፖላር ነው?

አይደለም። ደመወዝ ሲገባ ደስ ይለናል፣ ኪራይ ሲጨምር ይከፋናል። ይሄ ጤና ነው። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የሚገለባበጥ ስሜትም አብዛኛውን ጊዜ ባይፖላር አይደለም፤ ከጭንቀት፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከጸባይ ወይም ከሌላ የአእምሮ ሕመም ሊመጣ ይችላል።

ባይፖላር የሚቆጠረው በቀናት፣ በሳምንታትና በወራት ነው። ሰውየው ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው ማንነቱ ይወጣል። ቤተሰቡ "ይሄ እሱ አይደለም" ይላል። ከዚያ ይመለሳል፤ ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ያሳድጋል፣ ለዓመታት ምንም ላይታይበት ይችላል። ቆይቶ ደግሞ ይነሳበታል። "አንዳንዴ ወፈፍ ያደርገዋል" ከሚባሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ይሄን ዑደት የሚኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስሙ "ሁለት ዋልታ ያለው" እንደማለት ነው። አንዱ ዋልታ ድብርት፣ ሌላው ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ የስሜትና የጉልበት ከፍታ። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ "የማኒያና ድብርት እብደት" ብሎ በአንድ ስም ጠርቶት ነበር፤ አሁን የምንጠቀምበት ስም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አንድ ነገር ግን ስሙ ይደብቃል። ሁለቱ ዋልታዎች ሁልጊዜ ተራ ጠብቀው አይመጡም። ሰው ውስጡ በሐዘን ተሞልቶ ሰውነቱ ግን እረፍት ሊያጣ ይችላል፤ እያለቀሰ ይቅበጠበጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ሐሳቡ ይሮጣል። ይሄ የተደባለቀ ሁኔታ ይባላል። ሰው በራሱ ላይ እጁን የማንሳት አደጋውም ከፍ ያለ ስለሆነ በተለይ ሊፈራ የሚገባው እሱ ነው።

ማኒያ በቅርብ ሲታይ

መሐል ሜዳ ላይ በግ የሚነግድ አንድ የሠላሳ ዓመት ሰው እናስብ። የማንም ታሪክ አይደለም፣ ምልክቶቹን ለማየት እንዲመቸን ነው። ሰውየው በወትሮው ቁጥብ ነው፤ ብሩን ቆጥሮ የሚያወጣ፣ ሳይመሽ ቤቱ የሚገባ። አንድ ሳምንት ግን እንቅልፉ ቀነሰ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ ግቢ ይጠርጋል፣ ከዚያ ስልክ መደወል ይጀምራል። ሁለት ሰዓት ተኝቶ ድካም የሚባል አያውቀውም። ገበያ ላይ ወሬው ፈጠነ፤ ከበግ ተነስቶ ዱባይ ይደርሳል፣ ከዱባይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይዘላል። የመንዝ በግ በአውሮፕላን ሊልክ ነው። የደረሰውን እቁብ ለአይሱዙ ቀብድ ከፈለ፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። የማያውቀውን ሰው ሁሉ ይጋብዛል። ባለቤቱ "ኧረ ረጋ በል" ስትለው ከአፉ ሰምታ የማታውቀውን ስድብ ሰማች።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሰፈሩ ምን ይላል? "ሰውየው ነቃ፣ እግዜር አየው።"

እንቅልፍ ማጣትና እንቅልፍ አለመፈለግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተጨነቀ ሰው መተኛት ይፈልጋል፣ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ጠዋት ዝሎ ይነሳል። ማኒያ የጀመረው ሰው ግን መተኛት ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። አንድ ቤተሰብ አንድ ምልክት ብቻ እንዲይዝ ብባል ይሄን እመርጥ ነበር፣ ምክንያቱም ገንዘቡም ስድቡም ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

በሐኪሞች መስፈርት ማኒያ ለመባል ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም ቁጣ ከጉልበት መጨመር ጋር ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን መቆየት አለበት። ሰውየው ሆስፒታል መተኛት የግድ ከሆነበት ቀኑ አይቆጠርም። ከዚያ ላይ የወሬ መብዛት፣ የሐሳብ መሮጥ፣ ራስን ከፍ አድርጎ ማየት፣ ትኩረት መበታተን፣ ያለ ልክ ገንዘብ መርጨት ወይም የወሲብ ጥንቃቄ ማጣት የመሳሰሉት ይታያሉ። ሲከፋ ሰውየው ድምፅ ይሰማል፣ ንጉሥ ወይም ነቢይ እንደሆነ ያምናል። ይሄ ሳይኮሲስ ይባላል፤ ከእውነታ ጋር መለያየት ማለት ነው። ከማኒያ ጋር ሲመጣ ስኪዞፍሬኒያ ከተባለው ሌላ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሐኪም ሁለቱን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ሰውየው እንዴት እንደነበረ መጠየቅ ነው። መልሱን የሚያውቀው ደግሞ አብሮት የሚኖር ሰው ነው።

ዓይነቶቹ

የመሐል ሜዳው ነጋዴ አንደኛው ዓይነት ባይፖላር ነው የሚኖርበት። ለዚህ ዓይነት አንድ ጊዜ የደረሰ ማኒያ ይበቃል። ድብርት አይቶ ባያውቅም እንኳ። አብዛኞቹ ግን ድብርቱንም ያዩታል፣ ያውም ከማኒያው የሚረዝም ጊዜ።

ሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው ግራ መጋባቱ የሚበዛው። እዚህ ሙሉ ማኒያ የለም። ያለው ሃይፖማኒያ የሚባል ለዘብ ያለ ከፍታ ነው፤ ቢያንስ አራት ቀን ይቆያል፣ ሰው ያስተውለዋል፣ ግን ሥራ አያስቆምም፣ ሆስፒታል አያስገባም፣ ሳይኮሲስም የለውም። ከሱ ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ከባድ ድብርት መኖር አለበት። አረርቲ ላይ የምታስተምር መምህርት እንበል። በዓመት አንድ ሁለቴ ለአምስት ለስድስት ቀን ትደምቃለች። እስከ እኩለ ሌሊት ፈተና ታርማለች፣ የሰው ክፍለ ጊዜ ሳይቀር ትሸፍናለች፣ ጎረቤት ሰብስባ ቡና ታፈላለች፣ ጨዋታዋ አይጠገብም። ርእሰ መምህሩ ያመሰግናታል። ከዚያ ሦስት ወር ከአልጋ መነሳት ያቅታታል። ሐኪም ጋ የምትሄደው በነዚህ ሦስት ወራት ነው። ስለ ስድስቱ ቀናት ማን ያነሳል? እሷ ራሷ ያኔ ነው ጤነኛ የነበርኩት ብላ ታስባለች።

ሁለተኛው ዓይነት "ቀለል ያለው ባይፖላር" ተብሎ ሲወራ ይሰማል። ከፍታው ቀለል ይላል፣ እውነት ነው። ድብርቱ ግን አይቀልም። ታማሚዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ሁለተኛው ዓይነት ያለባቸው ሰዎች የዕድሜያቸውን ሰፊ ክፍል በድብርት ውስጥ እንደሚያሳልፉ አሳይተዋል፤ ራስን የማጥፋት አደጋውም ከአንደኛው አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ሁለቱን ለየብቻ ያስቀመጣቸው በ11ኛው እትም ነው፤ እሱም ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ሦስተኛው ሳይክሎታይሚያ ይባላል። ከፍታውም ዝቅታውም መስፈርቱን አይሞላም፣ ግን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሰውየውን ያንገላታዋል። "ጸባዩ ነው" ተብሎ የሚኖር ሰው ነው፤ አንዳንዱ በኋላ ወደ አንደኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይሻገራል።

ከነዚህ ውጭ በዕፅ፣ በመድኃኒት ወይም በሌላ የአካል በሽታ የሚመጣ አለ። ጫት በብዛት መቃም፣ ለአስምና ለመገጣጠሚያ የሚታዘዙ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ እጢ ማኒያ የሚመስል ሁኔታ ሊያመጡ ይችላሉ። በደጋው እንቅርት ብርቅ አይደለምና አንገትን መዳሰስና የታይሮይድ ምርመራ ማዘዝ ሐኪሙ መዝለል የሌለበት ነገር ነው። ሕመሙ በአንድ ዓመት ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ ከተነሳ ደግሞ "ፈጣን ዑደት" ይባላል፤ ይሄ ራሱን የቻለ ዓይነት አይደለም፣ በየትኛውም ላይ የሚጨመር መግለጫ ነው።

ባለሙያዎች እዚህ ላይ አይስማሙም። አንዳንዶች የባይፖላር ድንበር ሰፊ ነው፣ ከድብርት ታማሚዎች ብዙዎቹ ውስጥ የተደበቀ ከፍታ አለ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መረቡ ከሰፋ ጤነኛውን ስሜታዊ ሰው ሁሉ ይዘን ክኒን እንሰጣለን ብለው ይሰጋሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የአእምሮ ሐኪም እንደልብ በሚገኝበት አገር ሁለተኛው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል። ባለሙያው ጥቂት በሆነበት በእኛ አካባቢ፣ በሰሜን ሸዋ፣ ግን ሳይታወቅ የሚቀረው ያሳስበኛል።

ስንት ሰው ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 40 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከባይፖላር ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከአገራችን የሚጠቀሰው ትልቁ ጥናት የቡታጅራው ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው አንደኛው ዓይነት ባይፖላር ያለባቸው 315 ተለይተዋል። ከሁለት መቶ ሰው አንድ ገደማ። ከነሱ ከግማሽ የሚበልጡት የትም ሄደው እርዳታ ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ ዘመናዊ ሕክምና የሞከሩት ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ናቸው። ቡታጅራ ሰሜን ሸዋ አይደለም፣ ጥናቱም የቆየ ነው። ግን ከአስፋልት ርቆ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ውስጥ ለሚኖር ገበሬ ቁጥሩ የተሻለ ይሆናል ብሎ ለማሰብ ምክንያት አላይም።

ድብርት ተብሎ ሲታከም

ከድብርት ጋር ሆኖ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው "ደበረኝ" አይልም። ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይጨንቀኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬ ነው ይላል። ሰፈሩ "ዓይነ ጥላ ነው" ሊለውም ይችላል። ዕድል ካለው ባለሙያው ድብርት መሆኑን ይለይና አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን ያዝለታል። ለተራ ድብርት ትክክለኛ መድኃኒቶች ናቸው።

ሰውየው ባይፖላር ካለበት ግን የድብርት መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። በሁሉም ላይ አይደርስም። በተለይ ሁለተኛው ዓይነት ላይ አደጋው ምን ያህል ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ አንዳንድ ሐኪሞች በጥንቃቄ ይሰጣሉ፣ ሌሎች ፈጽሞ አይሰጡም። አንደኛው ዓይነት ላይ ግን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይኖር የድብርቱን ብቻ መስጠት እንደማይመከር ሰፊ ስምምነት አለ። ስለዚህ "ከዚህ በፊት ሳትተኛ ቀናት ያለፉበት፣ ግን ጉልበትህ የጨመረበት ጊዜ ነበር?" የሚለው ጥያቄ የድብርት ክኒን ከመታዘዙ በፊት መጠየቅ አለበት። ሐኪሙ ካልጠየቀ ቤተሰብ ይናገር። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ትክክለኛው ስም ድረስ ዓመታት የሚያልፉት የሕክምና መሣሪያ በሞላበት አገርም ጭምር ነው፣ ምክንያቱም የጎደለው ወሬው እንጂ መሣሪያው አይደለም።

ከየት ይመጣል?

በዘር ይሄዳል። መንትያዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የዘር ድርሻው ከፍተኛ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ወላጅ ወይም ወንድም እህት ባይፖላር ካለበት የአንድ ሰው ዕድል ከመቶ አሥር አካባቢ ይደርሳል። ይሄ ማለት ደግሞ ከመቶ ዘጠና ያህሉ አይዛቸውም ማለት ነው። "የነሱ ዘር እብደት አለበት" ተብሎ ጋብቻ የሚፈርስበት አገር ውስጥ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው እኩል መነገር ነበረበት።

ዘር ብቻውን ግን አይጨርሰውም። የሚቀሰቅሰው ነገር አለ። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ ማጣት። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ልክ ተማሪው ከቤቱ ርቆ ዶርም የሚገባበት፣ ለፈተና እያነበበ የሚያድርበት፣ ጫት የሚለምድበት ዕድሜ። ወሊድም ከባድ ቀስቃሽ ነው። አንደኛው ዓይነት ያለባቸው ሴቶች ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት በጽኑ የመታመም ዕድላቸው ከአምስት አንድ ያህል ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም። ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ አጣዬና ሸዋ ሮቢት አካባቢ የደረሰው ቃጠሎና መፈናቀል፣ ከዚያም የቀጠለው ግጭት። ጦርነት ባይፖላርን ከምንም አይፈጥርም፣ ተፈጥሮው ባለበት ሰው ላይ ግን የእንቅልፍ ማጣቱና ፍርሃቱ ይበቃል።

ጸበልና ክኒን

ሰሜን ሸዋ ላይ ስለ አእምሮ ሕመም ተወርቶ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ካልተነሱ ወሬው አልተሟላም። ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል በፊት የሚሄደው ጸበል ነው። በዚህ ላይ ሁለት ጫፍ የያዙ ሰዎች አሉ። አንዱ ወገን ጸበል ኋላ ቀርነት ነው ይላል፣ ሌላው ክኒን የያዘ ሰው እምነት የለውም ይላል።

ሁለቱም የዘነጉት የበሽታውን ጸባይ ነው። ማኒያ ምንም ሳይደረግለት እንኳ ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል። ስለዚህ ሲበርድ ሰውየው የነበረበት ቦታ ምስጋናውን ይወስዳል፤ ጸበል ቦታም ይሁን፣ የባህል ሐኪም ቤትም ይሁን፣ ሆስፒታልም ይሁን። መድኃኒት ሠራ ለማለት የሚያስችለው የአንድ ሰው መዳን ሳይሆን ብዙ ሰዎች ተነጻጽረው፣ የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ቶሎ ሲበርድላቸውና ሳይነሳባቸው ረጅም ጊዜ ሲቆዩ መታየቱ ነው።

ይህን ስል ጸበል ቦታ የሚገኘውን አላጣጥልም። ሰው አለ፣ ጸሎት አለ፣ የማያፍርብህ ቤተሰብ አለ። የሚያሰጋው ሦስት ነገር ነው፦ ሌሊት ቆሞ ማደር፣ ሰንሰለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "ጸበሉን ከጀመርክ ክኒኑን አቁም" የሚለው ምክር። ይሄ ጥያቄ በኤች አይ ቪ ጊዜም ተነስቶ ነበር፤ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለአእምሮ መድኃኒት የተለየ ሕግ ሊኖር የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ሊቲየም፣ ውሃና ጾም

ሊቲየም እንደ ጨው ያለ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገር ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ማኒያን እንደሚያበርድ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። እስከ ዛሬ ሕመሙ እንዳይመለስ በመከላከል ረገድ በጣም ከሚታመንባቸው አንዱ ነው፤ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስም ማስረጃ አለው። ችግሩ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። ስለዚህ በየጊዜው በደም ይለካል፣ ኩላሊትና ታይሮይድም ይታያሉ። ያ ምርመራ በየቦታው ስለማይገኝ እኛ ጋ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ወደ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ካርባማዜፒን፣ ኦላንዛፒን፣ ሪስፐሪዶን ወይም ሃሎፔሪዶል ያዘነብላሉ። ቫልፕሮኤት ግን ጽንስን ስለሚጎዳ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ያለ በቂ ምክንያት መታዘዝ የለበትም። ማንም ሳይነግራት የምትውጥ ሴት ካለች ለብቻዋ አታቁመው፣ ግን ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪሟን ትጠይቅ።

ሊቲየም ለሚወስድ ሰው ውሃ ዋና ጉዳይ ነው። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ሊቲየሙን ማስወጣት ይቀንስና ደም ውስጥ ይጠራቀማል። አሁን ይሄን ወደ እኛ ኑሮ እናምጣው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው አለ። ረመዳንም ሙሉውን ቀን ያለ ውሃ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለሥራ የሚቀመጥ ሰው በቀን የሚያልበው ላብ ሌላ ነው። ተቅማጥና ትውከት ሲመጣም እንደዚሁ። ላዩ ላይ ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከተገዛ ደም ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን ይበልጥ ይጨምራል። እጅ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር፣ መደናገር ከታየ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ለታመመ ሰው ጾሙን የሚያላላ ሥርዓት በክርስትናውም በእስልምናውም አለ፤ የንስሐ አባትን ወይም ሼሁን በጊዜ ማነጋገር እንጂ በጓዳ ተደብቆ መብላት አያስፈልግም።

መድኃኒቱ ሲቋረጥ

አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው ሲሻለው ነው። "ዳንኩ እኮ፣ ለምን እውጣለሁ?" አንዳንዱ ክብደቱ ስለጨመረ፣ አንዳንዷ ስለደነዘዘች፣ ሌላው ያ ድምቀት ስለናፈቀው ያቆማል። የመጨረሻውን ሰው መናቅ ቀላል ነው፤ ግን በሕይወቱ በጣም ብሩህ የመሰለውን ሳምንት በክኒን የተነጠቀ ሰው ቅሬታው ይገባኛል። በድንገት ማቆም፣ በተለይ ሊቲየምን፣ ሕመሙ ቶሎ እንዲመለስ ያደርጋል። መቀነስ ካስፈለገ ቀስ እያለ፣ በሐኪም ክትትል ነው።

ሳይፈልግ የሚያቋርጥም አለ። መንገድ ተዘግቶ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጨርሶ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ድረስ መሄድ ወይም ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መድረስ ለገጠር ሰው ትራንስፖርቱ ብቻ ከባድ ወጪ ነው። የሚቻል ከሆነ የአንድ ወር ሳይሆን የሁለት ሦስት ወር መድኃኒት እንዲሰጥ መጠየቅ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል።

ድብርቱ ሲከብድ "መሞት ይሻለኛል" የሚል ቃል ከወጣ ቀልድ ተብሎ አይታለፍም። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውን አይተው፣ ወደ ሐኪም ይወሰድ። እስከዚያው እንደ ምንጃር ጤፍና ሽንብራ በሚመረትበት ቤት ያለውን ፀረ ተባይ ከዓይኑና ከእጁ ማራቅ ሕይወት ያተርፋል።

የተፈረመው ውልስ?

ወደ መሐል ሜዳው ነጋዴ እንመለስና፣ ማኒያው ከበረደ በኋላ አይሱዙው ምን ይሆናል? ይሄን ብዙ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ማኒያ በሬ ያሸጣል፣ ቤት ያስይዛል፣ ዋስ ያስፈርማል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው፣ መልሱ ግን የዘመኑ ነው። ሕጉ "በግልጽ የታወቀ" የአእምሮ ሕመም የሚለው በዋናነት ሁለት ሰው ነው። አንዱ በሆስፒታል ወይም በእንዲህ ያለ ተቋም ተኝቶ ያለ ሰው፣ በተኛበት ጊዜ። ሌላው ከሁለት ሺህ ሰው ባነሰ ቀበሌ የሚኖርና ቤተሰቡ በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቀው፣ እንዳይዘዋወር የከለከለው ሰው። እነዚህ የፈረሙት ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። የእኛ ነጋዴ ግን በሁለቱም ውስጥ የለም። ገበያ ላይ ነበር፣ ሰላምታ ይሰጥ ነበር፣ ሻጩም "ጎበዝ ነጋዴ" ነው ያየው። እንዲህ ላለው ሰው ውሉ ሲፈረም ጤናማ ፈቃድ መስጠት በማይችልበት ሁኔታ ላይ እንደነበረ የማስረዳት ሸክሙ በራሱ ወገን ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ላይ ያ ከባድ ነው፤ ሃይፖማኒያ ከውጭ ሲያዩት ትጋት ይመስላል። ሊረዳ የሚችለው ነገር ቀኑ የተጻፈበት የሕክምና ካርድ ነው። በዚያ ሳምንት ወይም በማግስቱ ወደ ሐኪም የሄደ፣ ካርዱ ላይ "አምስት ሌሊት አልተኛም፣ እቁቡን ለመኪና ቀብድ ከፈለ" ተብሎ የተጻፈለት ሰው ፍርድ ቤት የሚያሳየው አለው። ስድስት ወር ቆይቶ በድብርት ጊዜ የሄደው ሰው ካርዱ ላይ "እንቅልፍ የለም፣ ሐዘን" ብቻ ነው ያለው። አንዳንድ ቤተሰቦች ሰውየው ጤነኛ በሆነበት ወቅት ከራሱ ጋር ተስማምተው ትልቅ ገንዘብ ለማውጣት የባለቤቱም ፊርማ እንዲያስፈልግ የባንክ ሂሳቡን በጣምራ ያደርጉታል። ይሄ ግን በሽታው ሲነሳ ሊጀመር አይችልም፤ ያኔ ባንክ ቤት ቆሞ የሚስቱን ፊርማ ጨምሩ የሚል ነጋዴ አይገኝም።